ለስፔስ አርበኞች የቀረበ ውዳሴ

ዛሬ ያለወትሮዬ ላመሰግን ነው የመጣሁት። ማንን ካላችሁ፣ ዎርድ ላይ ደብዳቤ ሲጽፉ ርዕስ መሀል ለማስቀመጥ የኪቦርዱን ስፔስ ሰላሳ አርባ ጊዜ ቀጥቅጠው፣ ከወንበራቸው ወደኋላ ለጠጥ ብለው፣ አንድ አይናቸውን ጨፍነው «ትንሽ ወደ ግራ ሳይል አይቀርም» የሚሉትን የቢሮ ጀግኖቻችንን። ኮንትሮልና ኢ አንዴ ስትጫኑ ርዕሱ ራሱ መሀል ይገባል የሚል ወሬኛ አለ፣ አትስሙት። ላብ ያልፈሰሰበት ርዕስ ምኑ ርዕስ ነው? ያለ ውሃ ልክ በአይኑ ግድግዳ የሚያቆም ህዝብ ለአንዲት «ጉዳዩ፡-» ነው እንዴ ማሽን የሚለምነው?

አዲስ ገጽ ሲፈልጉማ ኢንተርን ተጭነው ዓባይ በረሃን እንደሚወርድ አይሱዙ ቁልቁል ነው። አንዴ ሲጫኑት አዲስ ገጽ የሚከፍተው ኮንትሮል ኢንተር ለሰነፍ ነው የተሰራው። እርግጥ አለቃ ከላይ አንድ መስመር ጨምር ሲል ሁሉም ነገር ይንሸራተትና «ከሰላምታ ጋር» የሚለው ብቻውን ሁለተኛው ገጽ ላይ ይገኛል፣ እዛው ላይ ይፈረማል፣ ማህተም ይመታል፣ በቃ ከላይ ባዶ የሆነ ማህተም ያለበት ወረቀት ወጣ ማለት ነው፣ ያገኘ ሰው የፈለገውን ይጻፍበት። እንዲህ ያለ መተማመን የት አገር አለ?

አራት ነጥብ ላይ ያላቸውን ጥበብ ሳላነሳ ባልፍ ግፍ ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ የሚባለው የዓለም ኮምፒውተሮች የጋራ የፊደል መዝገብ ውስጥ ሲገባ አራት ነጥብም የራሱን ቦታ ይዞ ነው የገባው፣ እነሱ ግን የተሰጣቸውን አይወዱም፣ ሁለት ሁለት ነጥብ ጎን ለጎን ይገጥማሉ፣ ከፊቱ ደሞ ስፔስ ይጨምሩለታል። ነጥቡም ነጻነቱን አውቆ አረፍተ ነገሩን ትቶ ቀጣዩ መስመር መጀመሪያ ላይ ብቻውን ይቆማል።

ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የድሮ ፎንቶች የሙጥኝ ያሉትንም አልረሳሁም። ደብዳቤው ያ ፎንት የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ፍርፋሪ ይሆናል፣ የሚያነበውም ፎንቱ ያለው ማሽን ብቻ ነው። ሰው ለሚስጥር ስንት ብር ያወጣል እነሱ በነጻ! ምን ሆኖ ነው ስትሏቸው መልሱ አንድ ነው፣ «ቫይረስ ነው»።

የዚህ ሙያ ቁንጮ ግን በእጅ የተሰራ ማውጫ ነው። ለየርዕሱ ሄዲንግ ዋን ሄዲንግ ቱ የሚባለውን የርዕስ ደረጃ ብትሰጡት ዎርድ ማውጫውን ራሱ ያወጣል፣ ገጽ ሲቀየርም አፕዴት በሉት ነው የሚለው፣ ግን እያንዳንዷን ነጥብ በጣት መደርደር የሚሰጠውን እርካታ አይሰጥም። አንድ ወዳጄ የማስተርስ ጽሁፉን ማውጫ እንዲህ ነበር የሰራው፣ ሁለት ሌሊት ፈጅቶበት፣ አይኑ ደም መስሎ። አድቫይዘሩ ሊታተም ሲል ምዕራፍ አንድ ላይ አንድ አንቀጽ ጨምር አለው። ጨመረ፣ ከዛ በታች ያለው የገጽ ቁጥር በሙሉ ተዛባ። ወዳጄ ግን ነጥቦቹን ድጋሚ ከሚነካ ብሎ የዛኑ ያህል መስመር የያዘ ነገር ፈልጎ ከምዕራፍ አንድ ቆርጦ ጣለ። ጽሁፉም ታተመ፣ ተጠረዘ፣ ተመረቀበት። ማውጫው ላይ ዛሬም «የጥናቱ አስፈላጊነት................6» ይላል፣ ገጽ 6 ላይ ግን የለም።