ማስተካከያ፦ የኤፌሶንን ወደብ የደፈነው ምንድን ነው?

ባለፈው ስለ ጥንታዊቷ ኤፌሶን ባቀረብነው ጽሑፍ «ከተማዋ ወደቧን ያጣችው በመሬት መንቀጥቀጥ ነው» ብለን ነበር። ይህ ስህተት ነው፤ አንባቢዎቻችንን ይቅርታ እንጠይቃለን።

የመሬት መንቀጥቀጥ ኤፌሶንን ደጋግሞ ጎድቷታል። ወደቧን የደፈነው ግን ካይስትሮስ የተባለው ወንዝ ከላይ እየጠረገ ያመጣው ደለል ነው። ባሕሩ ሲሸሽ ከተማዋም ተከትላዋለች፦ የታላቁ እስክንድር የጦር አዛዥ የነበረው ሊሲማኮስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነዋሪዎቹን ወደ አዲስ ስፍራ አዛውሯቸዋል። ሮማውያንም ወደቡን ደጋግመው አስጠርገዋል፤ ደለሉ ግን አላቆመም። ዛሬ ፍርስራሹ በቱርክ፣ በሴልቹክ ከተማ አጠገብ፣ ከባሕሩ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ይገኛል። ከትልቁ ቴአትር ወደ ወደቡ ይወስድ የነበረው በእምነበረድ የተነጠፈ ጎዳና አሁንም ይታያል፤ የሚያደርሰው ግን ረግረግ መሬት ላይ ነው። ይህን ጎዳና ያየ ሰው የከተማዋን ዕጣ ያለ ብዙ ማብራሪያ ይረዳዋል።

የአርጤምስን ቤተ መቅደስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ356 ያቃጠሉት ጎቶች የተባሉት የጀርመን ነገዶች ናቸው ማለታችንም ልክ አይደለም። ያን ጊዜ እሳቱን የለኰሰው ስሙን ለማስጠራት የፈለገ ሄሮስትራቶስ የተባለ ሰው ነው፤ ጎቶች የመጡት ከ600 ዓመታት በኋላ ነው።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከምትቀበላቸው ጉባኤያት ሦስተኛው፣ የኤፌሶን ጉባኤ፣ የተካሄደበት 431 ዓ.ም. እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መሆኑም ይታወቅልን።