«መብራቱ በርቷል እኮ» አትበሉኝ

አቦ ዛሬስ ልናገር ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ «ስዊቹ ደህና ነው፣ መብራቱ በርቷል እኮ» ስትሉኝ ከረማችሁ። ዛሬ ክዳኑን ፈትቼ ውስጡን ካየሁት በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ያለ አንድ ማረፊያ ቤት ኔትወርኩን የምከታተለው እኔ ነኝ። ባለ 24 ፖርት ስዊች አለ፤ የግድግዳው የመብራት ማብሪያ አይደለም፣ የኔትወርክ ኬብሎች ሁሉ የሚሰኩበት ሳጥን ነው፣ በየመሰኪያው (ፖርቱ) ትንሽ መብራት አለው። 16 ካሜራና 4 የዋይፋይ ማሰራጫ ዳታውንም ኤሌክትሪኩንም በአንድ ኬብል ከሱ ነው የሚወስዱት። ፒኦኢ የሚባለው ነው። ለየካሜራው ሶኬት መሳብ ስለማያስፈልግ ጥሩ ነገር ነው። ክፋቱ፣ ስዊቹ ሲታመም የታመመ የሚመስለው ካሜራው መሆኑ ነው።

መጀመሪያ የጓሮው ካሜራ ማታ ማታ መጥፋት ጀመረ፣ ሲነጋ ይመለሳል። ባለቤቱ «ተቃጥሏል» ብለው አዲስ ገዙ። እሱም ሁለት ቀን ሠርቶ ጠፋ። ቀጥሎ ኤሌክትሪሻን ተጠራና «ኬብሉን አይጥ በልቶታል» አለ። የኮሪደሩ ኮርኒስ ተቀደደ፣ አዲስ ኬብል ተዘረጋ፤ አይጥ የነካው ቦታ ግን አልተገኘም። «ጋሼ፣ እባክዎ ስዊቹን ልመርምረው» ባልኩ ቁጥር መልሱ ያው ነው። መብራቱ በርቷል እኮ!

በርቷል፣ አዎ። ግን ያ መብራት የሚናገረው ስለ ዳታው ነው። ዳታ የሚያስተላልፈው ክፍል በትንሽ ቮልት ይሠራል። ለካሜራዎቹ የሚሄደው ወደ 50 ቮልት የሚጠጋ ኃይል ደግሞ መስመሩ ሌላ ነው። አንዱ ሞቶ ሌላው በሕይወት ሊኖር ይችላል። ላፕቶፕ ተሰክቶ ኢንተርኔት ሲከፍት «ይኸው ይሠራል» ተባልኩ። ላፕቶፑ እኮ የራሱ ባትሪ አለው፣ ከስዊቹ ኤሌክትሪክ መች ጠየቀ!

ሌላው ደግሞ መልቲሜትር ይዞ መጥቶ ባዶ ፖርት ለካና «ዜሮ ነው፣ ፖርቱ ሞቷል» አለ። ይህም ስህተት ነው። ስዊቹ መጀመሪያ በትንሽ ቮልት ይፈትሻል፤ ማዶ የፒኦኢ ዕቃ የሚታወቅበትን ወደ 25 ኪሎ ኦም የሚጠጋ ሬዚስታንስ ካላገኘ ሙሉውን ኃይል አይለቅም። ያ ጥንቃቄ ባይኖር ኖሮ ፒኦኢ የማይችል ዕቃ የሰካ ሰው ዕቃው ሊቃጠልበት ይችል ነበር። ስለዚህ ባዶ ፖርት ላይ ዜሮ ማንበብ ምንም አይነግርህም።

እስቲ አስቡት፣ ካሜራው ለምን ማታ ብቻ ይጠፋል? ሲመሽ በጨለማ የሚያይበትን ኢንፍራሬድ መብራት ያበራል፤ ያኔ የሚስበው ዋት ይጨምራል። ትንሽ ቆይቶ ካሜራዎቹ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይም መጥፋት ጀመሩ። የድሬን የስምንት ሰዓት ሙቀት ለድሬ ልጅ አልነግርም፤ ሱቁ ሁሉ ዘግቶ ጥላ ፍለጋ የሚገባበት ሰዓት ነው። ስዊቹ ደግሞ ያለው በሩ በተዘጋ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፣ ከላዩ አንሶላ ተደርድሮበታል። ኃይል ሲበዛበት ይወድቃል፣ ሲሞቅ ይወድቃል። ይህ የአይጥ ምልክት ነው?

ሒሳቡንም ሠርቼ አሳይቻለሁ። ስዊቹ ለዕቃዎቹ 250 ዋት እንደሚያወጣ ጀርባው ላይ ተጽፏል። ካሜራዎቹ ማታ ቢበዛ 8 ዋት ቢስቡ 128፣ ዋይፋዮቹ 13 ዋት ቢስቡ 52፣ ድምሩ 180 ነው። 70 ዋት ይተርፋል። አልከበደውም፣ የተጻፈበትን መስጠት አቅቶታል እንጂ።

በመጨረሻ ሳልጠየቅ አደረግኩት። ሌሊት ሁሉንም ነቀልኩና አንድ በአንድ መለስኳቸው። አሥሩ ሳይጠፉ ሠሩ። አሥራ አንደኛውን ስሰካ ሁሉም አንድ ላይ ጠፍተው እንደገና ተነሱ። ፖርት ቀየርኩ፣ ኬብል ቀየርኩ፣ ካሜራ ቀየርኩ፤ ያው አሥራ አንደኛው ላይ ይወድቃል። ከዚያ «ተቃጠለ» ተብሎ መጋዘን የተጣለውን የጓሮ ካሜራ አውጥቼ፣ በዚያው በድሮው ኬብል፣ ከጓደኛዬ በተዋስኩት የፒኦኢ ኢንጄክተር (ያለ ስዊቹ በኬብሉ ኤሌክትሪክ የሚልክ ትንሽ ሳጥን) አበራሁት። እስኪነጋ አንዴ እንኳ አልጠፋም። ደህና ካሜራ ነበር የጣልነው!

ዛሬ ከሶኬት ነቅዬ፣ ቻርጁ እስኪወጣ ጠብቄ ከፈትኩት። ፋኑ በአቧራ ተጠቅልሎ ክንፉ አይዞርም። ኃይል የሚያቀርበው ክፍል (ፓወር ሰፕላዩ) ላይ ካሉት ካፓሲተሮች፣ ማለትም ቻርጅ ከሚይዙት ትንንሽ ጣሳ መሳዮች፣ ሦስቱ፣ ጠፍጣፋ መሆን ያለበት አናታቸው እንደ ድፎ ዳቦ አብጧል፤ የአንዱ ስር ቡናማ ፈሳሽ ደርቆበታል። ባለቤቱን ጠርቼ በጣቴ አሳየኋቸው። ብዙ ዝም አሉና «ታዲያ መብራቱ ለምን በራ?» አሉኝ።

የሚያቃጥለኝ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ሦስት ሳምንት ጓሮው ማታ ማታ ካሜራ አልነበረውም። ዘበኛው አባባ በዚህ ዕድሜያቸው በባትሪ ሲዞሩ አድረዋል። አንድ ሌሊት መመርመር ይበቃ ነበር።

አዲሱ ስዊች ነገ ይመጣል። የሚገባው እዚያው ቁም ሳጥን ውስጥ ነው አሉ፣ ሌላ ቦታ የለም። አንሶላውን አውርጄ በሩን ከነማጠፊያው ፈትቼ ወስጃለሁ። መልስ ቢሉኝም አልመልስም።