ጊታር ጀማሪ በሚያውቀው ዜማ ይጀምር

አመሻሽ ላይ ጣና ዳር የሚንሸራሸር ሰው ጊታር ያነገበ ወጣት ማየቱ አይቀርም። ጠጋ ብሎ ቢያዳምጥ ብዙውን ጊዜ የሚሰማው ግጥሙን እንኳ አጥርቶ ከማያውቀው የውጭ ዘፈን ጋር የሚታገል ጀማሪ ነው። ኢንተርኔት ላይ «ለጀማሪ የሚሆኑ ቀላል ዘፈኖች» ብሎ የፈለገ ሰው የሚያገኘው ዝርዝር የተዘጋጀው እነዚያን ዘፈኖች እየሰማ ላደገ ልጅ ነው። ዝርዝሩ ትክክል ነው፤ ለባሕር ዳር ልጅ ጆሮ ግን አልተሠራም።

የዘፈን ቅለት በኮርድ (አብረው በሚመቱ ድምፆች) ብዛት ይለካል የሚለውን አልቀበልም። ጀማሪ ጣቱ ገና አልታዘዝ ይለዋል፤ የሚመራው ጆሮው ብቻ ነው። ዜማውን በቃሉ ካወቀው፣ ጣቱ ያለቦታው ባረፈ ቅጽበት ማንም ሳይነግረው ይነቃል፤ ራሱን ያርማል። የማያውቀውን ዘፈን የሚለማመድ ግን መሳሳቱንም ስለማያውቅ ስህተቱን ደጋግሞ ይለምደዋል። ከአዲስ ተማሪ ጋር ስቀመጥ «ጊታሩን ወዲያ አድርገህ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የምታንጎራጉረው ዘፈን የትኛው ነው?» የምለው ለዚህ ነው።

እዚህ ላደገ ልጅ መልሱ ሩቅ አይደለም። ሆያ ሆዬንና አበባየሆሽን የማያውቅ የለም። ሐረጋቸው አጭር ነው፣ ይደጋገማል፤ አበባየሆሽ ላይ ተቀባዮቹ «ለምለም» እያሉ ሲመልሱ ደግሞ የጀማሪ ጣት ለሚቀጥለው ሐረግ መዘጋጃ ፋታ ያገኛል።

ቀጥሎ ትዝታ ይምጣ። ይህን የምለው ስለምወደው ብቻ አይደለም። ጊታር በተለመደው መንገድ ሲቃኝ ክሮቹ ሳይጫኑ የሚሰጡት ድምፅ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ ነው። እስቲ ከጂ ጀምራችሁ ደርድሯቸው፦ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ። ይህ ትዝታ ሜጀር የሚባለው ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ነው! ጊታሩ አንድ ጣት እንኳ ሳያርፍበት፣ ልክ እንደ ክራር፣ በራሳችን ቅኝት ተቃኝቶ ይጠብቀናል። ጀማሪን ከዚህ በላይ የሚያደፋፍር ነገር አላውቅም።

ኮርድ ከመማሩ በፊት ዜማውን በአንድ ክር ይጫወተው። አዝማሪ መሰንቆው ላይ ባለው አንድ ጭራ ሙሉ ዘፈን ይጫወት የለ? ጊታር ላይ (ከቀጭኑ ሲቆጠር) 3ኛው ክር መጀመሪያ ሳይጫን ይመታ፤ ከዚያ ይኸው ክር 2ኛው፣ 4ኛው፣ 7ኛው፣ 9ኛው፣ 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ የተጋደመ ብረት) ላይ ይጫን። ከጂ እስከ ጂ ያለው ትዝታ ሜጀር ይኸው ነው። ለኮርድ ኢ ማይነር ይቅደም፤ 5ኛውንና 4ኛውን ክር 2ኛው ፍሬት ላይ በሁለት ጣት መጫን ብቻ ይበቃል። ጂ ሜጀር ይከተል። የሁለቱም ድምፆች ከእነዚያው አምስት የወጡ ስለሆኑ ከዜማው ጋር አይጋጩም። አመልካች ጣትን ክሮቹ ላይ አጋድሞ የሚያስጨንቀው ኤፍ ሜጀር ይቆይ።

የአገር ዘፈን ሁሉ ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። የጎጃም እስክስታ በአንድ ኮርድ ሊታጀብ ይችላል፤ ችክችካው ግን፣ ያ ባለ 6/8 ምት፣ ቀኝ እጅን ክፉኛ ይፈትናል። አዝማሪ ቤት ገብቶ ከበሮውን የሰማ ፍጥነቱን ያውቀዋል። ጀማሪ መጀመሪያ ምቱን በጭብጨባ ይያዘው፤ ጊታሩ ይደርሳል። አንቺሆዬም ከጠባብ እርምጃ ወደ ሰፊ ዝላይ የሚወስድ ቅኝት ስለሆነ ለኋላ ይቀመጥ።

የውጭ ዘፈን የሚወድ ልጅም አይከልከል። እያንጎራጎረ ያደገው እሱን ከሆነ ለእሱ ቀላሉ እሱ ነው።

የጎደለን በእኛ ዜማዎች የተዘጋጀ የጀማሪ መለማመጃ ነው። ባሕር ዳር ሙሉዓለም የባህል ማዕከል ያለባት፣ አዝማሪና ክራር ተጫዋች የማይጠፋባት ከተማ ናት። ጊታር የምትችሉ ልጆቿ ጥቂት የታወቁ ዜማዎችን በቀስታ ተጫውታችሁ ቅረጹልን፤ ክሩንና ፍሬቱን በቁጥር፣ ማብራሪያውን በአማርኛ ጻፉልን። የክር ቁጥር የሚጀምረው ከቀጭኑ መሆኑንም ከላይ አስፍሩት፤ ብዙ ጀማሪ ከወፍራሙ እየቆጠረ ይሳሳታል።