የአንኮበር ፈታዮችም ልብ ወለድ ይገባቸዋል

ሰሜን ሸዋ የሚያድግ ልጅ ከአንኮበር ጋር የሚተዋወቀው ለፈተና ሲያጠና ነው። አንኮበርን መናገሻቸው ያደረጉት የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1813 እስከ 1847 ነገሡ። በ1841 ካፒቴን ሃሪስ የሚባል እንግሊዛዊ መጥቶ ውል ተፈራረመ። በ1855 ቴዎድሮስ ሸዋን ያዙ፤ የ11 ዓመቱን ምኒልክን ወደ መቅደላ ወሰዱ። ልጁ ይሸመድዳል፣ ይፈተናል፣ ይረሳል።

ለዚህ ዕድሜ የሚሆን ልብ ወለድ በአማርኛ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ለሕፃናት ተረት አለ፣ ለአዋቂ ደግሞ ልብ ወለድ አለ። መሃሉ ባዶ ነው። ውጭ አገር ለታዳጊዎች በብዛት ከሚጻፉት አንዱ ታሪካዊ ምስጢር ነው። ሰው ይሞታል ወይም ዕቃ ይጠፋል። ማንም ከቁብ የማይቆጥረው ልጅ ነገሩን ማነፍነፍ ይጀምራል። በዚያው መሃል ፍቅር ይመጣል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ፍቅሩ በሁለት ሴቶች ወይም በሁለት ወንዶች መካከል የሆነባቸው በርክተዋል። ዛሬ የምጽፈው ስለዚህኛውም ጭምር ነው። እዚህ ጋ ማንበቡን የሚያቆም ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። ባያቆም ደስ ይለኛል።

ምስጢር እንደሆነ ሞልቶናል። የንጉሡ የሥጋ ዘመዶች ዙፋን እንዳይመኙ ጎንጮ በሚባል ቦታ በእስር ይቀመጡ ነበር፤ ጠባቂያቸው የይፋቱ ገዢ ወላስማ መሐመድ ነበሩ። ማን ምግብ አመላለሰላቸው? ማን መልእክት ደበቀላቸው? ዜና መዋዕል ስለ እነዚህ ሰዎች አይነግረንም። የምኒልክን እናት የእጅጋየሁን ነገር ውሰዱ። በሰፊው እንደሚነገረው በሣህለ ሥላሴ ቤት አገልጋይ ነበሩ። ስማቸው የተረፈው ልጃቸው ስለነገሠ ነው። አጠገባቸው ተቀምጣ ጥጥ ስትፈትል የነበረችው ልጅስ? ጠጅ ጣይዋስ? እንጀራ ጋጋሪዋስ? ታሪክ ጸሐፊ ያለ ማስረጃ ስለ እነሱ መጻፍ አይችልም። ደራሲ ግን ይችላል።

እስቲ በሐሳባችን እንፍጠረው። ዘመኑ 1842 ነው። ሃሪስ በስጦታ ካመጣቸው ጠመንጃዎች አንዱ ከግምጃ ቤት ይጠፋል። ሌባ ሻይ ይጠራል። የያኔው የሌባ ምርመራ ይሄ ነበር፤ አንድ ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ ራሱን ሲስት በወገቡ ገመድ አስረው ይከተሉታል፤ እየተንገዳገደ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ልጁ የአንዲት ባልቴት ደጃፍ ላይ ይወድቃል። ባልቴቷ ምንም አላደረጉም። ይህን የምታውቅ አንዲት ፈታይ አለች፤ በዚያ ሌሊት ጠመንጃውን የተሸከመውን ሰው በዓይኗ አይታለች። ግን ብትናገር «አንቺስ በዚያ ሰዓት እዚያ ምን ትሠሪ ነበር?» ትባላለች። ከምትወዳት ልጅ ጋር ነበረች።

በእኔ እምነት ታሪኩን የሚሸከመው ይህ ፍቅር ነው። ለማስጌጫ ወይም ለማስደንገጫ የገባ አይደለም። እሷ ካልተናገረች ባልቴቷ ያለ ጥፋታቸው ይቀጣሉ። ከተናገረች ሁለቱ ልጆች አለቀላቸው። የ16 ዓመት አንባቢ ይህን ጭንቀት ይዞ ሌሊቱን ሲያነብ ያድራል።

ተቃውሞውን አውቀዋለሁ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን ይከለክላል። የቤተ ክርስቲያንም የመስጊድም አቋም ግልጽ ነው። ወላጅ ቢደነግጥ አልፈርድበትም። ግን አንድ ልጅ የሌላ ሰው ፍርሃት ምን እንደሚመስል ቢያነብ ምኑ ይጎዳል? ደግሞም በየክፍሉ ያንን ፍርሃት ከማንም በላይ የሚያውቅ ልጅ ሊኖር ይችላል። እሱም የእኛው ልጅ ነው። የአገሩ ታሪክ ሲጻፍ እንደሱ ያለ ሰው አንድም ጊዜ ካልታየ፣ በዚህ ምድር የተፈጠረ የመጀመሪያው ሰው ራሱ ይመስለዋል።

የተገፋ ሰው ታሪክ ለዚህ አገር አዲስ አይደለም። ደብረ ብርሃንን አጼ ዘርዓ ያዕቆብ የመሠረቷት በሰማይ ብርሃን ታየ ተብሎ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ እዚያው አካባቢ ደቂቀ እስጢፋኖስ የሚባሉ መነኮሳት በድንጋይ ተወግረዋል። ብርሃኑን ሁሉም ያወራል። የተወገሩትን ግን ብዙ ሰው ያወቃቸው የሸንኮራው ተወላጅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ገድላቸውን ከግእዝ ወደ አማርኛ ከመለሱልን በኋላ ነው። መናፍቅ ተብለው የሞቱ መነኮሳት ዛሬ በአዘኔታ ይነበባሉ። እነሱ ቢያንስ ገድላቸውን የሚጽፉ ደቀ መዛሙርት ነበሯቸው።

ደራሲው ግን ጠንቅቆ ይሥራ። የ1842 ፈታይ እንደ ዛሬ የአዲስ አበባ ልጅ አታውራ። ለስሜቷ ስም ላይኖራት ይችላል፤ ስም ካልነበራት አይስጣት። ከአንኮበር ብርድ በርኖስ ለብሶ የተነሳ ሰው ወደ ዓልዩ አምባ ገበያ ሲወርድ በርኖሱን አውልቆ ትከሻው ላይ ሲጥል እንየው። አሞሌ ጨው ሲቆጠር፣ የአርጎባ ነጋዴዎች ሲከራከሩ እንስማ። ወደዚያ ያልወረደ፣ ዳገቱን በእግሩ ያልወጣ ሰው ባይጽፈው ይሻላል።

አንድ ልመና ደግሞ አለኝ። ሁለቱን ልጆች በመጨረሻው ምዕራፍ አትግደሏቸው። እንዲህ ዓይነት ፍቅር በመጽሐፍ ሲመጣ መጨረሻው ገደል ወይም መርዝ መሆኑ በጣም ተለምዷል። ልጆች ደግሞ ያነበቡትን ያምናሉ።

ማሳተሚያው ተወደደ ለሚለኝ መልስ አለኝ። ትረካ አድርጉት። ልጆቻችን ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ሰክተው ነው የሚውሉት። በየሳምንቱ አንድ ምዕራፍ በቴሌግራም ቢለቀቅ፣ ከመሐል ሜዳ እስከ ደብረ ሲና የሚያዳምጠው አይጠፋም።