በፖስታ የመጣችው 25 ዶላር

ሲያትል ከገባሁ ብዙም አልቆየሁም ነበር። በ2017 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ከከተማው አስተዳደር ፖስታ መጣልኝ። ማስታወቂያ መስሎኝ ልጥለው ስል አብሮኝ የሚኖረው ልጅ አስቆመኝ፤ ለካ እሱ ያስሞላኝ ማመልከቻ መልስ ኖሯል። ውስጡ አራት ወረቀት ነበር፤ እያንዳንዱ 25 ዶላር የሚል። ዕቃ አይገዛም። ለከተማው ምክር ቤት ለሚወዳደር ሰው የምትሰጠው የምርጫ መዋጮ ነው። ብሩን የሚከፍለው ከተማው ነው፤ ሕዝቡ በ2015 በድምፁ ካጸደቀው የንብረት ታክስ ላይ። ዜጋ መሆን አይጠበቅብህም፣ ግሪን ካርድ ይበቃል፤ ለመራጭነት ያልተመዘገበ ሰው ግን ማመልከት አለበት። ድምፅ መስጠት የማልችለው ሰውዬ መዋጮ መስጠት ቻልኩ።

ከዚያ ወዲህ ተወዳዳሪዎች ቡና የምንጠጣበት ቤት ድረስ መምጣት ጀመሩ። ቁጭ ብለው ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ታክሲ ሥራ ጠየቁን። ከእኔ በፊት የመጡት ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር አይተው አያውቁም ነበር።

የሀብታምን ገንዘብ በምርጫ መቋቋም ግን ቀላል አይደለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010፣ አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ፣ ኩባንያዎች በራሳቸው ለሚያካሂዱት የምርጫ ቅስቀሳ ያሻቸውን ያህል እንዲያወጡ በር ከፈተ። በ2024 ምርጫ ባለሀብቱ ኢለን መስክ ትራምፕንና ሌሎች ሪፐብሊካኖችን ለመደገፍ ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ። ምርጫው ሲያልቅ የመንግሥት ሠራተኛ ቅነሳውን ከሚመሩት ዋነኛው እሱ ሆነ። በእኛው ከተማም የሲያትል ምክር ቤት በ2018 ለቤት አልባዎች ብሎ በትልልቅ ኩባንያዎች ላይ በአንድ ሠራተኛ 275 ዶላር ታክስ ጣለ። ኩባንያዎቹ ተነሱበት። ወር ሳይሞላው ራሱ ሻረው። በዓመቱ አማዞን ለምክር ቤቱ ምርጫ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አፈሰሰ፤ ከተደገፉት አብዛኞቹ ግን ተሸነፉ። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ አልረሳውም።

ሲያትል ያለችበት የዋሺንግተን ስቴትም ቢሆን ለረጅም ዘመን የገቢ ግብር አልነበረውም። ስለዚህ ድሃው በሽያጭ ታክስ ይቀጣ ነበር። በ2021 ግን ከ250,000 ዶላር በላይ በአክሲዮን ሽያጭ በሚያተርፍ ሰው ላይ 7 ከመቶ ተጣለ፤ ገንዘቡ ለሕፃናት ማቆያና ለትምህርት ቤት። በ2024 ይሰረዝ ተብሎ ለሕዝብ ድምፅ ሲቀርብ ሕዝቡ እንቢ አለ።

ሐሳቤን ወደ አገር ቤት ስመልስ መንገዱ ይገለበጥብኛል። እዚህ አሜሪካ ሀብት ሥልጣን ይገዛል፤ እኛ ጋ ሥልጣን ሀብት ያመጣል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የምንል ሰዎች ነን። ይህን አባባል እጠላዋለሁ። የተሿሚዎች ሀብት እንዲመዘገብ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ አዋጅ አለ። እኔ ግን የአንድም ባለሥልጣን ዝርዝር ተለጥፎ አላየሁም። ሕዝብ የማያየው መዝገብ ማንን ያስፈራል?

እህቴ አዲስ አበባ በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ናት። ደመወዟ 20,000 ብር ነው። እጇ ሳይገባ 4,950 ብር ለግብር ይቆረጣል። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕግ ከ14,000 ብር በላይ ያለው ደመወዝ ሁሉ 35 ከመቶ ነው። እሷም፣ ግማሽ ሚሊዮን ብር የሚከፈለውም ጣሪያቸው አንድ ነው። የእሷ ብር ደግሞ የሚደበቅበት ቦታ የለውም። ፎቅ ላይ ፎቅ የሚሠራው ሰው ግን ስንት መደበቂያ አለው!

ባለፈው ስንደዋወል ስለዚያች ወረቀት ነገርኳት።

«ቤት ሠራተኛ ብትሆንም ይሰጧታል?»

«ነዋሪ ከሆነች፣ ወረቀቷ ከተስተካከለ፣ አዎ።»

«ተወዳዳሪው ራሱ መጥቶ ይለምናታል?»

«እኔንስ መጥተው ለምነውኝ የለ?»

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «እኔ እኮ የወረዳችንን ተመራጭ መልኩን እንኳ አላውቀውም» አለችኝ።