ሁለተኛዋ ተዋናይ ምን በደለች?

ከባሕር ዳር ተነሥቶ የኒውዮርክ የቲያትር ሰፈር እስከሆነው እስከ ብሮድዌይ ሄዶ ሙዚቃዊ ተውኔት ያየ ሰው ብዙ አይመስለኝም። ስለ ብሮድዌይ ተዋንያን የሚከራከር ግን አይጠፋም። ካላመናችሁ ከሰዓት በኋላ ጣና ዳር ካሉት ካፌዎች ወደ አንዱ ጎራ በሉ። የዩኒቨርሲቲ ልጆች ከተሰበሰቡበት ጠረጴዛ አጠገብ ተቀመጡና ጆሯችሁን ጣል አድርጉ።

«ኤልፋባ ማለት ኢዲና ናት። አለቀ!»

«ኧረ ባክህ! ሲንቲያን በደንብ ሰምተሃታል?»

«ሰምቻታለሁ። አበዛችው።»

ቡናው ይቀዘቅዛል። ስልክ ይወጣል። ሁለቱ ቪዲዮዎች ጎን ለጎን ይከፈታሉ። ከዚያ ወዲያ አንዱ ሌላውን የሚሰማ የለም።

ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ኤልፋባ «ዊክድ» የተባለው ሙዚቃዊ ተውኔት ዋና ገጸ ባሕርይ ናት። ቆዳዋ አረንጓዴ ሆኖ በመወለዷ ሰው የሚሸሻት፣ ኋላም ክፉ ጠንቋይ የሚል ስም የወጣላት ልጅ። ተውኔቱ እ.ኤ.አ. በ2003 ኒውዮርክ ገርሽዊን ቲያትር ሲከፈት ኤልፋባን የተጫወተችው ኢዲና መንዜል ነበረች። በዓመቱ ቶኒ የተባለውን ትልቁን የብሮድዌይ ሽልማት ወሰደችበት። በ2024 ፊልም ሆኖ ሲወጣ ደግሞ ሚናው ለሲንቲያ ኤሪቮ ተሰጠ። በሁለቱ መሀል መድረክ ላይ ስንትና ስንት ኤልፋባዎች አልፈዋል። የእነሱን ስም የሚጠራ ግን እዚያ ጠረጴዛ ላይ አልሰማሁም።

ክርክሩን እወደዋለሁ። ወጣት ስለ ድምፅና ስለ ትወና ሲጨቃጨቅ ከማየት የተሻለ ምን አለ? የሚያስከፋኝ አንዱ ወገን ጨዋታውን ገና ሳይጀመር የሚዘጋበት መንገድ ነው። ሚናውን መጀመሪያ የያዘው ሰው ባለቤት፣ ከኋላው የመጣው ሁሉ ተከራይ ይሆናል። ተከራዩ ግድግዳው ላይ አንዲት ምስማር ቢመታ ጠብ ነው።

ይህ አመል የመጣው ተውኔቱን መድረክ ላይ ሳይሆን በተቀረጸ ቅጂ ከማወቅ ይመስለኛል። «ሃሚልተን»ን እንይ። ሊን-ማኑኤል ሚራንዳ የደረሰው፣ የአሜሪካን ምሥረታ ታሪክ ከመሥራቾቿ በአንዱ በአሌክሳንደር ሃሚልተን ሕይወት በኩል በራፕ የሚተርክ ሥራ ነው። በኦገስት 2015 ብሮድዌይ ላይ ተከፈተ። በማግሥቱ ወር አልበሙ ወጣ። ቲኬቱ ግን የማይቀመስ ነበር፤ በ2016 ለምርጦቹ ወንበሮች 849 ዶላር መጠየቅ ተጀመረ። ዕጣ የወጣለት በ10 ዶላር የሚገባባቸው ጥቂት ወንበሮችም ነበሩ (አሥር ዶላሩ ላይ ያለው ሰውዬ ራሱ ሃሚልተን ነው፣ ቀልዱ እሱ ነው)። ስለዚህ አብዛኛው አድናቂ ተውኔቱን ያወቀው በጆሮ ማዳመጫ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ተዋንያን ጋር በ2016 የተቀረጸው ቪዲዮ ዲዝኒ ፕላስ ላይ የወጣው በጁላይ 2020 ነው። እኛ ጋም የደረሰው ያው ቪዲዮ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ማን እንደላከው በማይታወቅ የቴሌግራም ፋይል።

ተውኔትን እንዲህ ያወቀ ሰው ትንፋሹን ሳይቀር ይሸመድዳል። የሃሚልተንን ባላንጣ አሮን ቡርን የሚጫወተው ሌስሊ ኦዶም ጁኒየር የት ላይ ድምፁን ዝቅ እንደሚያደርግ፣ የት ላይ አፍታ ዝም እንደሚል ያውቀዋል። ያ ሁሉ የድርሰቱ አካል ይመስለዋል። ሌላ ተዋናይ መጥቶ እዚያው ቦታ ላይ ዝም ባይል «ተሳሳተ» ይላል። አልተሳሳተም። ያቺ ዝምታ የኦዶም ናት፣ የቡር አይደለችም።

አንድ ነገር ሁሌም ያስቀኛል። ተውኔቱ ብሮድዌይ ላይ በይፋ ሊከፈት ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ፕሬዚዳንት ኦባማ ሊያየው ሄዶ ነበር። ያን ቀን ሃሚልተንን የተጫወተው ሚራንዳ አልነበረም፤ ተለዋጩ ሃቪየር ሙኞዝ ነበር። በጁላይ 2016 ሚራንዳ ሲለቅ ሚናውን የተረከበውም እሱ ነው። ይህን «ከሚራንዳ ወዲያ ሃሚልተን የለም» ለሚል ወዳጄ ነገርኩት። «እና ኦባማ ያየው ምን ነበር?» ብለው «የሙከራ ቅጂ» አለኝ። አክራሪ መልስ አያጣም።

ሒሳቡም ራሱ ይህን አቋም አይደግፈውም። ብሮድዌይ ላይ በሳምንት ስምንት ጊዜ መጫወት የተለመደ ነው። «ዘ ፋንተም ኦቭ ዘ ኦፔራ» ከ1988 እስከ 2023 ብሮድዌይ ላይ 13,981 ጊዜ ታይቷል። የትኛው ጉሮሮ ነው ይህን የሚችለው? ዋናው ተዋናይ ይታመማል፣ ይደክማል፣ ኮንትራቱ ያልቃል፣ ትወልዳለች። ተውኔቱ ሠላሳ አምስት ዓመት የቆየው ሰው እየተተካካ ስለተጫወተው ነው። መጀመሪያ የታየው ብቻ ትክክል ከሆነ በእኛም ቤት ጉድ ይፈላል። አገር ፍቅር ቲያትር በ1927 ዓ.ም. ሲመሠረትና ከዚያም በኋላ ለዓመታት የሴት ሚና የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ኋላ እነ አስናቀች ወርቁ መድረክ ላይ ሲወጡ ተመልካቹ «የለመድነው ሻሽ ያሰረው ሰውዬ ይመለስልን» ቢል ኖሮ ምን ይውጠን ነበር?

ይህ አመል እኛ ላይ መታየቱ ይገርመኛል። አልበም ገዝቶ መኪናው ውስጥ ብቻውን የሚያዳምጥ ኒውዮርካዊ ቢለው ይገባኛል። ባሕር ዳር ያደገ ጆሮ ግን እንዴት?

አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ትዝታን መጀመሪያ ማን እንደዘፈነው አይጠይቅም። የሚያውቅም የለም። ትዝታ፣ አምባሰል፣ ባቲ፣ አንቺ ሆዬ በስንት አፍ አልፈው ነው እኛ ጋ የደረሱት። ማሲንቆው አንድ ክር ነው። ቅኝቱም የታወቀ ነው። የምንጠብቀው ይህችኛዋ ሴት ዛሬ ማታ ምን ትጨምርበታለች የሚለውን ነው። ስማችንን፣ ሸሚዛችንን፣ ከጎናችን የተቀመጠችውን ልጅ ስንኝ ውስጥ ስታስገባ ነው የምንስቀው። ከእኛ በፊት ለነበረው ጠረጴዛ ያለችውን ብትደግምልን እንታዘባታለን። «ተቀበይ!» ብለን የራሳችንን ግጥም እንሰጣታለን፤ ታዜመዋለች፣ ከዚያ አንዲት ነገር ጣል አድርጋ ትመልስልናለች። ካልጣመንም የምንነግራት ፊት ለፊት ነው። አዝማሪን ሊተርብ ሞክሮ በሁለት ስንኝ የተመለሰ፣ ቤቱ በሳቅ ሲያውካካበት አንገቱን የደፋ ጎረምሳ ያላየ የባሕር ዳር ልጅ አለ?

እንዲህ ያለ ጆሮ ያለው ሰው ስልኩን ሲከፍት ምን ይነካዋል? «ማን ይበልጣል?» የሚል ቪዲዮ ሥር «እሷ አይደለችም» ብሎ ጽፎ ያልፋል። ምኗ አይደለም? ድምፁ ነው? አነጋገሩ ነው? ትወናው ነው? መልስ የለም። አዝማሪዋን እንዲህ ብሎ ቢያልፋት አትለቀውም ነበር።

እርግጥ ሌላም ጆሮ አለን። ድጓ የሚማር የቆሎ ተማሪ ከመምህሩ የተቀበለውን ዜማ ምልክቱን ጠብቆ ነው የሚያዜመው። ከራሱ ትንሽ ጨመር ቢያደርግ መምህሩ ያስቆመዋል። ቅኔ ቤት ግን ነገሩ ይገለበጣል። በጎጃም የቅኔ ጉባኤዎች ተማሪው አዲስ ቅኔ ይቆጥራል፤ የሌላ ሰው ቅኔ ይዞ የቀረበ ማፈሩ አይቀርም። አንድ አገር፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንዳንዴም አንድ ተማሪ፣ ሁለት የተለያየ ሕግ።

ሙዚቃዊ ተውኔት ሁለቱንም የሚፈልግ ይመስለኛል። ዜማው በኖታ የተጻፈ ነው። ከታች ኦርኬስትራ አለ፣ ከጎን የሚጨፍር ሰው አለ፣ መብራቱ የሚበራውና የሚጠፋው በቆጠራ ነው። ዘፋኟ እንደፈለገች ልትሄድ አትችልም። ስለዚህ «ዜማውን ለወጠችው» ብሎ የሚቆጣ አድናቂ ዝም ብሎ የሚጮህ አይደለም፤ የዜማ ቤት ጆሮ ነው ያለው። ሲንቲያ የመጀመሪያውን ፊልም የሚዘጋው ዘፈን ላይ መጨረሻዋን ጩኸት የምታዞራት በራሷ መንገድ ነው። ለእኔ ጣመኝ። «አበዛችው» ላለው ልጅ አልጣመውም። ይህ ጤነኛ ጠብ ነው፤ ሁለታችንም የምንናገረው ስለሰማነው ነገር ነው።

ጤነኛ ያልሆነው በ2024 መጸው በፖስተሩ የተነሣው ነው። የመድረኩ «ዊክድ» ፖስተር የታወቀ ሥዕል አለው። ጠንቋይዋ ባርኔጣዋን ዐይኗ ላይ ደፍታ በቀይ ከንፈር ፈገግ ትላለች። የፊልሙ ፖስተር ያንን ሥዕል አስታወሰ፣ ግን የሲንቲያን ዐይን አሳየ። አንድ አድናቂ ፎቶውን ወስዶ ባርኔጣውን ወደ ታች አወረደው፣ ከንፈሩንም አቀላው። ልክ እንደ ድሮው እንዲሆን ማለት ነው። ሲንቲያ በአደባባይ ክፉኛ ተቆጣች፤ ፊቴን መሸፈን እኔን ማጥፋት ነው አለች። ብዙ ሰው «ምነው፣ በፍቅር ያደረገው እኮ ነው» አላት። እሷም ኋላ ለጓደኞቼ ደውዬ ብናገረው ይሻል ነበር ወደ ማለቱ መጣች።

እኔ ልጁ በፍቅር እንዳደረገው አምናለሁ። ግን ፍቅሩ ለማን ነበር? ለሥዕሉ። አዲሷ ሴት በሥዕሉ ልክ እስክትገባ ድረስ ፊቷ ተሸፈነ። ባለቤትና ተከራይ ያልኩት ይህንን ነው። ቁጣዋ በዛ ቢባል እንኳ የተቆጣችበት ነገር እውነት ነው።

የራሷ የመንዜልም ታሪክ ቢሆን አድናቂዎቿ ከሚነግሩን ይሰፋል። በጃንዋሪ 2005 ከብሮድዌይ ልትሰናበት አንድ ትርኢት ሲቀራት መድረኩ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ወደቀች፤ የጎን አጥንቷ ተሰነጠቀ። በማግሥቱ በመጨረሻው ትርኢት መዝጊያ ላይ በቀይ ቱታ ብቅ ስትል አዳራሹ ተነሥቶ ለደቂቃዎች አጨበጨበ። ደስ የሚል ነገር ነው፤ እኔም ብኖር አጨበጭብ ነበር። ግን የወደቀች ዕለት ቀሪውን የጨረሰው ማን ነው? በማግሥቱስ መዝጊያው እስኪደርስ ኤልፋባን ሆኖ የቆየው? ሾሻና ቢን ናት፣ ተጠባባቂዋ። ሚናውንም የወረሰችው እሷ ናት። ሰው ሁሉ ሌላ ሰው ሊያይ በመጣበት ምሽት አረንጓዴ ተቀብቶ መቆም ቀላል እንዳይመስላችሁ።

ይህ የፈረንጅ ጣጣ ብቻ አይደለም። ከአዲስ አበባ ቲያትር ይዘው የሚመጡ ቡድኖች አሉ። ፖስተሩ በየግድግዳው ይለጠፋል፣ ባጃጅ በድምፅ ማጉያ ከተማውን ይዞራል። ዘፈን የበዛበት አንድ ቲያትር መጥቶ ነበር፤ የማን እንደነበር ልተወው። ፖስተሩ ላይ ያለችው ሁላችንም የምናውቃት ተዋናይ ናት። መጋረጃው ሲከፈት ሌላ ልጅ ወጣች። ፉጨቱ አፏን ሳትከፍት ጀመረ። «ገንዘባችን ይመለስ!» የሚልም ነበር። ልጅቷ የመጀመሪያውን ዘፈን አጣችው፤ ድምፁ ተንቀጠቀጠባት። ያኔ ከኋላዬ ያለው ሰውዬ «አላልኳችሁም?» አለ። ምን እንዳለን እስካሁን አልገባኝም። እስከ መጨረሻው አልተረጋጋችም። መዝፈን ትችል እንደሁ እኛ ያን ማታ የማወቅ ዕድል አልሰጠናትም።

ተመልካቹ ገንዘቡን መጠየቁ ትክክል ነው። ብሮድዌይ ላይም ስሙ ከተውኔቱ ርእስ በላይ የተጻፈ ተዋናይ በዚያ ቀን ካልተጫወተ ቲኬቱን መመለስ ወይም መቀየር ይቻላል። የተተካ ሰው ካለ መግቢያው ላይ ይለጠፋል፣ ወይም በፕሮግራሙ ውስጥ ብጣሽ ወረቀት ይገባል። ተመልካቹ ማንን እንደሚያይ አውቆ ነው የሚቀመጠው። እኛን ያታለለን አዘጋጁ ነው፣ የጮኽነው ግን ልጅቷ ላይ ነው። አዘጋጁ መጋረጃ ጀርባ ሆኖ ገንዘቡን ይቆጥር ነበር።

ባሕር ዳር ሙሉዓለም የባህል ማዕከልን የመሰለ አዳራሽ ያላት ከተማ ናት። እዚያም ሆነ ሌላ ቦታ ቲያትር የሚያመጣ ሰው አንድ ነገር ቢያደርግ ደስ ይለኛል። ቲኬት መቁረጫው መስኮት ላይ የዛሬ ተዋንያን ብሎ የሚጫወቱትን ሁሉ በስም ይለጥፍ፤ ተተኪዋንም፣ ማንን እንደተካችም። ወጪው አንድ ወረቀትና ማጣበቂያ ነው። ይህን አንብቦ ከፍሎ የገባ ሰው ማፏጨት ካማረው ቢያንስ እስከ ሁለተኛው ዘፈን ይታገሥ።