ሪቫን የተቆረጠለት ድልድይ አይታመምም

አሜሪካኖች ያሳዝኑኛል። ያን ሁሉ ሀብት ይዘው ድልድያቸውን አያምኑትም። በእነሱ አቆጣጠር በ1967 ሲልቨር የሚሉት ድልድይ ተደርምሶ 46 ሰው ሞተ። ከዚያ በኋላ ድልድይ በየሁለት ዓመቱ ይፈተሽ ብለው ደነገጉ። በ2007 ሚኒያፖሊስ ላይ ሌላ ወደቀ፤ 13 ሰው አለቀ። በዓመቱ ቢያንስ 20 ዓመት የሚፈጅ የድልድይ ጥናት ጀመሩ። ኮንክሪቱን በራዳር ያያሉ፣ በሮቦት ሳይቀር ያስዳስሳሉ። ምን ዓይነት ጥርጣሬ ነው?

እኛ ተመስገን ነው። ድልድይ የምንመረምረው አንዴ ብቻ፣ በምረቃው ቀን ነው። ያን ቀን ግን ቀልድ የለም። ሪቫኑ ተወጥሯል? መቀሱ ይቆርጣል? ድምፅ ማጉያው ይጮሃል? በቃ፣ አለፈ።

በግንቦት 2016 የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ እዩት። ርዝመቱ 380 ሜትር፣ ስፋቱ 43 ሜትር፤ የባሕር ዳር ልጅ በቃሉ ይወጣዋል። የውሃ መውረጃው በየት በኩል እንደሆነ ግን ጠይቁትማ። ፎቶ ለመነሳት የትኛው ጥግ እንደሚያምር ይነግራችኋል። (እኔም ሦስቴ ተነስቻለሁ። ያምራል።)

ደግሞ ጢስ ዓባይ ያለው የፖርቱጋል ድልድይ ከአፄ ሱስንዮስ ዘመን ጀምሮ ቆሞ የለ? ኖራው በእንቁላል ነው የተቦካው ይላሉ። ዓባይ ላይ ያለውን ሌላውን የጥንት ድልድይ፣ ሰባራ ድልድይን፣ የሚያነሱ ምቀኞች አይጠፉም። እሱማ ስሙን ያወጣለት ሰው ነው ያሟረተበት።

ባለፈው ክረምት ከከተማ ወጣ ብላ ያለች አንዲት ትንሽ ድልድይ ላይ የባጃጃችን ጎማ ተነፈሰ። ስሟን አልጠራም፣ ትታማለች። የውሃ መውረጃ ቀዳዳዋ በሃይላንድ ፕላስቲክ ተወትፏል። ውሃው መሄጃ አጥቶ ተኝቷል። ድልድይ በፀሐይ ሲለጠጥ፣ በብርድ ሲኮማተር የሚተነፍስበት ክፍተት አለ አይደል? አፈር ሞልቶት ሣር አብቅሏል። አንዲት በግ ሣሩን ትግጣለች። እዚያ ድልድይ ላይ ጥገና ሲደረግ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ሾፌሩ ጎማ እስኪቀይር ወርጄ ከሥር አየኋት። ኮንክሪቱ ተልጦ ብረቱ አግጧል። ውሃ ብረቱ ጋ ሲደርስ ያዝገዋል፤ ዝገቱ እያበጠ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይፈነቅለዋል። ሾፌሩን ጠርቼ አሳየሁት።

«ኧረ ጋሼ! ትናንት ሲኖትራክ አሸዋ ጭኖ አልፎባታል እኮ» አለኝ።

ጥናት ማለት ይኼ ነው! ራዳር የለ፣ ሮቦት የለ፣ የውሎ አበል የለ። ሲኖትራኩ ካለፈ ድልድዩ ጤነኛ ነው። ካላለፈም ውጤቱን በዜና እንሰማለን።

ጎማው ተቀየረ። በጓን በጥሩምባ አስነስተን ተንቀሳቀስን። መሃል ላይ ስንደርስ ሾፌሩ ጋዙን እስከ መጨረሻው ጠመዘዘና፣ በሌላኛው እጁ ቀስ ብሎ አማተበ።